«ሂና ብቻ ነው» ያልኩባት ቀን፦ ቡናማ ፀጉርን ስለ ማፍካት

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር ከሚነሡት ጉዳዮች አንጻር ሲታይ የዛሬው ርዕሴ ቀለል ያለ መስሎ የሚታያቸው ወንድሞች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። የምጽፈው እህቶቻችን በፀጉር ቤት «ሀይላይት» ስለሚሉት፣ ማለትም ከመላው ፀጉር መካከል የተወሰኑ ዘለላዎችን ለይቶ ስለ ማፍካት ነውና። ነገር ግን ወንድሞች ገጹን ከማለፋቸው በፊት ጥቂት እንዲታገሡኝ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የሚስቶቻቸው፣ የእህቶቻቸውና የሴት ልጆቻቸው ጤና ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከቤተሰብ ኪስ ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ቤተሰብ የደረሰ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም የአክስቴ ልጅ ኒካሕ እሑድ ሊታሰር፣ ሐሙስ ዕለት እኔና እርሷ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ሄድን። ፎቶግራፉን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ቡናማ ፀጉር ላይ የማር ቀለም ያላቸው ቀጫጭን ዘለላዎች የሚታዩበት ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት «እህቴ፣ ከዚህ በፊት ፀጉሯን የነካው ነገር አለ?» ስትል ጠየቀች። ሙሽራዋ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደም ብዬ «ኧረ ምንም የለም፤ ሂና ብቻ ነው» አልኩ።

ሂና ያልኩት ከመርካቶ በፓኬት የተገዛ፣ ምን ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት፣ ፀጉርን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚያደርግ ዱቄት ነበር። ከዚያም በፊት ለዒድ ፀጉሯን ሪላክሰር ተደርጋለች። ሁለቱንም አልተናገርንም። ማፍኪያው ተበጥብጦ፣ ዘለላዎቹ በፎይል ተጠቅልለው ካስክ ስር ከገባች ብዙም ሳይቆይ «አቃጠለኝ!» ብላ ጮኸች። ፎይሉ ሲነካ እንደ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ይፋጃል። ፀጉር ሠሪዋ ፈጥና በቀዝቃዛ ውኃ አጠበቻት፤ ነገር ግን ፎይሉ ሲፈታ ብዙው ዘለላ እዚያው ፎይሉ ውስጥ ቀረ። የተረፈውም ሲነካ እንደ ላስቲክ እየተሳበ ይበጠስ ነበር።

እሑድ ኒካሑ ታሰረ፤ አልሐምዱሊላህ። ሙሽራዋ በሒጃቧ ተሸፍና ስለነበር ከእናቷና ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። እርሷ ግን ሐሙስ ማታ «ሒጃቤን ሳወልቅ ሲያየኝ ምን ይላል?» እያለች ስታለቅስ አድራለች። እኔም አብሬያት አደርኩ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቅ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የተማረ ሰው ነኝ የምል ጋዜጠኛ ስለማላውቀው ነገር በሰው ራስ ላይ እንዴት አፌን ሞልቼ እንደተናገርኩ እያሰብኩ፣ ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፣ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

ማፍካት መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው

ብዙዎቻችን ፀጉር ማፍካት ማለት ነጣ ያለ ቀለም መቀባት ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ዘንግ ከላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። በውስጡ ደግሞ ለፀጉሩ ጥንካሬ የሚሰጠው ክፍል ይገኛል። የተፈጥሮ ቀለማችን ማለትም ሜላኒን የሚገኘው በዚህ በውስጠኛው ክፍል ነው። ሜላኒን ሁለት ዓይነት ሲሆን አንዱ ጥቁርና ቡናማ ቀለም የሚሰጠው ዩሜላኒን፣ ሌላው ወደ ቀይና ቢጫ የሚያደላው ፊዮሜላኒን ነው።

ማፍኪያው የላይኛውን ሽፋን ከፍቶ ይገባና ሜላኒኑን ይሰባብራል። ዋናው ሠራተኛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለው ውህድ ነው፤ ይህንን ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴናር ያገኘው እ.ኤ.አ በ1818 ነበር። የብሊች ዱቄት በሚባለው ውስጥ ደግሞ ኃይሉን የሚያበረቱ ፐርሰልፌት የተባሉ ጨዎች አሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ኬሚካል ሜላኒኑን ብቻ መርጦ አይነካም። ፀጉሩን አጥብቆ የያዘውን ፕሮቲንም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ «ምን ያህል ይፍካ?» ብሎ መጠየቅ «ከፀጉሬ ምን ያህሉን ላጣ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ቡና ስንቆላ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማም ወደ ጥቁር እንደሚሄድ ሁላችን እናውቃለን። ፀጉር ሲፈካ ጉዞው ወደ ኋላ ነው፤ ከጥቁር ቡናማ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫና ወደ ገረጣ ቢጫ። ቡናውን ምጣድ ላይ ትቶ ዞር ያለ ሰው እንደሚያሳርረው ሁሉ፣ ፀጉርም በዚህ መንገድ ላይ አንድ እርምጃ ሲያልፍ መመለሻ የለውም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በቀለም ሣጥን ላይ የሚታዩት ቁጥሮች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። በብዙዎቹ ኩባንያዎች ዘንድ የመጀመሪያው ቁጥር የጥቁረት ደረጃን ያመለክታል፤ 1 ጥቁር፣ 3 ጥቁር ቡናማ፣ 4 ቡናማ፣ 5 ፈካ ያለ ቡናማ እያለ እስከ 10 ይደርሳል፤ 10 እጅግ የፈካው ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር የቀለሙን መልክ ይናገራል፤ ለምሳሌ በብዙ የአውሮፓ ምርቶች .1 አመድማ፣ .3 ወርቃማ፣ .4 መዳብማ ነው። አብዛኞቻችን ጥቁር የምንለው ፀጉራችን በፀሐይ ሲታይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚገኝ ሲሆን፣ ደረጃው ከ1 እስከ 4 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

የፐርኦክሳይዱም ኃይል በቁጥር ይነገራል። 10 ቮልዩም 3 በመቶ፣ 20 ቮልዩም 6 በመቶ፣ 30 ቮልዩም 9 በመቶ፣ 40 ቮልዩም 12 በመቶ ነው። መደበኛ ቀለም በ20 ቮልዩም ሲበጠበጥ ምንም ያልነካውን ፀጉር አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ያህል ያፈካል። 40 ቮልዩም ግን የራስ ቆዳ አጠገብ ሊደርስ የሚገባው አይደለም። ፀጉር ሠሪያችሁ ስንት ቮልዩም እንደበጠበጠች ብትጠይቁ ነውር የለውም፤ ባለሙያ በጥያቄ አይከፋም።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር አለ። ፀጉሯን ጥቁር ቀለም የተቀባች እህት በላዩ ላይ ፈካ ያለ ቀለም ብትደርብ አይፈካላትም። ቀለም ቀለምን አያነሣምና። ቀድሞ የገባው ቀለም የግድ በማስለቀቂያ ወይም በብሊች መውጣት አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ጉዳት ማለት ነው።

ለቡናማ ፀጉር የትኛው ይሻላል?

ከላይ እንደተባለው ቡናማ ፀጉር ሲፈካ በመንገዱ ላይ ቀይና ብርቱካናማ ይገጥመዋል። አመድማ ወይም ነጣ ያለ መልክ የምትፈልግ እህት ይህንን ሁሉ አልፋ ወደ ቢጫው መድረስ፣ ከዚያም ቶነር በሚባለው ቀለም ቢጫውን ማጥፋት ይኖርባታል። ቶነሩም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየታጠበ ስለሚሄድ ደጋግሞ መመለስ ይጠይቃል። በአንጻሩ የመዳብ፣ የካራሜል ወይም የማር ቀለም የመረጠች እህት ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ፈቅ ብላ ልታቆም ትችላለች። ፀጉሩ በራሱ የሚያወጣው ሞቅ ያለ ቀለም እንደ ጠላት ሳይቆጠር የውበቱ አካል ይሆናልና። በእኔ አስተያየት ለእኛ ፀጉር የሚስማማውም ይኸው ነው፤ ጉዳቱ ያንሳል፣ ወጪው ያንሳል፣ ከፊታችን ቀለምም ጋር ይስማማል።

አሠራሩን በተመለከተ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በቆብ የሚሠራው ነው፤ ቀዳዳ ያለው ቆብ ራስ ላይ ይደፋና ዘለላዎች በመንጠቆ እየተጎተቱ ይወጣሉ። ለአጭር ፀጉር ያገለግል ይሆናል እንጂ ለረጅምና ለተጠቀለለ ፀጉር መጎተቱ ራሱ ጉዳት ነው። ሁለተኛው በፎይል የሚሠራው ነው፤ ዘለላው ከሥሩ ጀምሮ ተቀብቶ ስለሚጠቀለል ሙቀት ይይዛል፣ በደንብም ያፈካል። ሆኖም ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሥሩ ላይ ያለው ልዩነት ቶሎ ይታያል። ሦስተኛው ፈረንሳዮች ባላያዥ የሚሉት ሲሆን ትርጉሙ መጥረግ ማለት ነው። ባለሙያዋ ብሩሿን ይዛ ከሥሩ ራቅ ብላ ወደ ጫፉ እየጠረገች በእጇ ትቀባዋለች። ሥሩ ስለማይነካ ሲያድግ መስመር አያወጣም፤ በዓመት ውስጥ የሚጠይቀውም ምልልስ ያነሰ ነው።

የተጠቀለለ ፀጉር ያላችሁ እህቶች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ፀጉሩ በፎን ተዘርግቶ ሀይላይት ሲሠራበት ያማረ ቢመስልም፣ ታጥቦ ወደ ተፈጥሮው ሲመለስና ሲሰበሰብ ዘለላው ያልታሰበበት ቦታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ቦታው መመረጥ ያለበት ፀጉሩ በተፈጥሮ ጥቅልሉ ላይ እያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክርም ከፊት ለፊት ጥቂት ዘለላ ብቻ ማሠራት ይበቃታል፤ ባይስማማት የምታጣው ጥቂት ነው።

ፀጉር የተደረገለትን አይረሳም

አሁን ወደ እኔ ስሕተት ልመለስ። ሂና በእኛ ዘንድ እንደ ኬሚካል አይቆጠርም፤ የእናቶቻችን ነው፣ የሠርግና የዒድ ነው። ንጹሕ የሂና ቅጠልም በእርግጥ ፀጉርን አይጎዳም። ነገር ግን ቀለሙ ከፀጉሩ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ በቀላሉ አይለቅም፤ ብሊች ሲያርፍበትም የማይታሰብ ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ሂና መቼም ጥቁር እንደማይሆን ደግሞ ማወቅ ይገባል። ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ያለውን ቀለም ብቻ ነው የሚሰጠው። ጥቁር የሆነ «ሂና» ሁሉ የተቀየጠ ነገር አለበት።

ቅይጡ ኢንዲጎ የተባለው ተክል ከሆነ ብሊች ሲነካው ፀጉሩ ወደ አረንጓዴ ሊሄድ ይችላል። የብረት ጨው ማለትም የእርሳስ፣ የብር ወይም የመዳብ ውህድ ከሆነ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ፀጉሩንም ይበጥሳል። በአክስቴ ልጅ ላይ ያየሁት ምልክት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለፀጉር ቀለም ያገለግል የነበረው የእርሳስ ውህድ ፈቃዱ እንዲነሣ እ.ኤ.አ በ2018 መወሰኑም የሚታወስ ነው። ሦስተኛው ቅይጥ ፒ.ፒ.ዲ የሚባለው ነው። ይህ በመደበኛ የፀጉር ቀለም ውስጥም በተወሰነ መጠን የሚገኝ ሲሆን፣ የአውሮፓ ሕብረት ፀጉር ላይ ሲውል ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በሠርግ ላይ እጇን «ጥቁር ሂና» ተቀብታ ያሳከካት ወይም ውኃ የቋጠረባት እህት፣ ወደፊት የፀጉር ቀለም ስትቀባ ፊቷና ዓይኗ እስኪያብጥ ልትታመም ትችላለችና ይህንን ለባለሙያዋ ሳትናገር እንዳትቀመጥ። ማንኛዋም እህት ብትሆን ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮዋ ጀርባ ጥቂት ተቀብታ መሞከር ይኖርባታል።

ሪላክሰርም እንዲሁ ነው። ሪላክሰር ፀጉርን የሚያለሰልሰው የውስጡን ማያያዣ በመፍታት ነው፤ ብሊችም ይህንኑ ማያያዣ ይጎዳል። ሁለቱ አንድ ፀጉር ላይ ሲገናኙ የሚተርፍ ነገር ጥቂት ነው። ሪላክሰር የተደረገች እህት አዲሱ ፀጉር እስኪያድግ ብትታገሥ የተሻለ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ከማይታይበት ከማጅራት በኩል ጥቂት ዘለላ ተቆርጦ ባለሙያዋ ባዘጋጀችው ማፍኪያ ውስጥ ይቀመጥ። ከጋለ፣ ከጨሰ፣ ቀለሙ እንግዳ ከሆነ ወይም ሲሳብ ከተበጠሰ፣ በዚያው ይቁም። ይህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እኔ ባለማድረጌ ግን የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከፍላበታለች። በኒካሕ ሳምንት አዲስ ነገር መሞከርም ፈጽሞ አይመከርም፤ ቢያንስ ከአንድና ከሁለት ወር በፊት ይሁን።

ከዲናችን አንጻር

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ዓሊሞችን መጠየቅ ይገባል። የታወቀውን ብቻ ላስታውስ። መካ በተከፈተችበት ዕለት የአቡበከር (ረ.ዐ) አባት አቡ ቁሓፋ ፀጉራቸውና ጢማቸው ነጭ ሆኖ በቀረቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽበቱ እንዲለወጥ፣ ጥቁር ግን እንዲወገድ ማዘዛቸው በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። ቀለም መቀባት በመሠረቱ የተከለከለ እንዳልሆነ ዑለማዎች ከሚያወሱት መረጃ አንዱ ይህ ነው። ውዱእንና ትጥበትን በተመለከተም፣ ቀለሙን ብቻ የሚለውጥና በላዩ ሽፋን የማያበጅ ነገር ውኃን እንደማይከለክል ዑለማዎች ያስረዳሉ። በዚህም እንደ ጥፍር ቀለም ካለው ይለያል።

ራስን መጉዳት ግን በእስልምና የተከለከለ መሆኑ የማያከራክር ነው። ሰውነታችን አማና ነው፤ ፀጉርም የሰውነት ክፍል ነው። ስለዚህ «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ «በዚህ ፀጉር ላይ፣ በዚህ ኬሚካል ጉዳት ያመጣል ወይ?» የሚለውም አብሮት መጠየቅ አለበት።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ እውነት ልናገር። ፀጉራችን የተሸፈነ በመሆኑ ጉዳቱም ይሸፈናል። የሳሳው፣ የተሰባበረው፣ የራስ ቆዳ ቁስሉ ሁሉ ከጨርቅ ስር ስለሚቀር የሚመክረን አይገኝም፤ እኛም አንጠይቅም። ሒጃብ ከባዕድ ዓይን እንዲሸፍነን የታዘዘ ነው፤ ከዕውቀት እንዲሸፍነን ግን አልታዘዘም። እናቶችና እህቶች ቤት ውስጥ አንዳችን የሌላችንን ፀጉር እየገለጥን እንተያይ፤ ያየነውንም በግልጽ እንነጋገር።

የፈካ ፀጉር እርጥብ ሆኖ ሲሳብ ቶሎ ይበጠሳልና ከትጥበት በኋላ ሳይደርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሠር ተገቢ አይደለም። ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ይደረግ፤ ግንባር ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መታሠሩም ፀጉርን ከሥሩ ያሳሳል። ቅቤና ዘይት ፀጉርን ያለሰልሳሉ፤ የተሰበረውን ማያያዣ ግን አይጠግኑም። ለፀጉር ሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። የብሊች ዱቄት ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ አስም ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀ ነውና መስኮት ይከፈት፣ ጓንትም አይረሳ።

የአክስቴ ልጅ ፀጉሯን አሳጥራ ቆረጠች። ባለቤቷም አላህ ይስጠው፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገራትም። በ2016 ዓ.ም ፀጉሯ አድጎ እንደገና ማስዋብ በፈለገች ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። ባለሙያዋ «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ምን ተደርጎለታል?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ዝም አልኩ። እርሷ ግን ሪላክሰሩን፣ የመርካቶውን ዱቄት፣ የተቆረጠበትን ወር ሳይቀር አንድ በአንድ ዘረዘረችላት። ባለሙያዋ ከማጅራቷ ጥቂት ቆርጣ ሞከረችና ከፊት ለፊት ስድስት ቀጫጭን የካራሜል ዘለላ ሠራችላት። ያማረ ነበር፤ አንድም ፀጉር ፎይል ውስጥ አልቀረም።

እህቶቼ፣ ነገ ፀጉር ቤት ገብታችሁ ይህ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ «ሂና ብቻ ነው» እንዳትሉ። የትኛው ሂና፣ መቼ፣ ከየት የተገዛ፣ በውስጡ ምን ያለበት እንደሆነ ተናገሩ። የማታውቁት ከሆነም እንደማታውቁት ተናገሩ፤ ከእኔ መልስ ያ እጅግ የተሻለ ነው።

ወላሁ አዕለም።